ሁለተኛው ጉርሻ

ሰው ሲከሳ የአገር ጉዳይ ይሆናል። የሐሞት ከረጢቴ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ከሆስፒታል ወደ ቤቴ የተመለስሁ ጊዜ፣ ጎረቤቶቼ ደጄ ላይ ቆመው የጠየቁኝ «ተሻለሽ ወይ?» ብለው ሳይሆን «ምነው እንዲህ መነመንሽ?» ብለው ነበር። መልስም አልጠበቁም፤ መልሱን እያንዳንዳቸው በሳህን ከድነው ይዘው መጥተዋል። ሐኪሙ ቅባት እንዳልነካ፣ ጥቂት ጥቂት እንድበላ፣ ሆዴ በቃኝ ሲለኝም እንድሰማው አስጠንቅቆኝ ነበር። ይህን ስነግራቸው ለሐኪሙ አዘኑለት። ሚስቱ የማታበላው ሰው ሳይመስላቸው አልቀረም።

ቤቴ ጣና ዳር ናት። ባለቤቴና እኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስንሠራ፣ እሱ በፈትል ክፍል እኔ በማቅለሚያው ላቦራቶሪ፣ በየዕረፍት ቀናችን ድንጋይ እያጋዝን ጭቃ እያቦካን የሠራናት ናት። በረንዳዋ ላይ ሆኜ ሐይቁን አያለሁ። ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎቹ ታንኳቸውን እየቀዘፉ ሲመለሱ፣ ከረጢት መንቁር ያላቸው ነጫጭ ወፎች እንደ አበዳሪ ሲከተሏቸው አያለሁ። ጓሮዬ ጎመንና ቃሪያ ያበቅላል። ከዚህ የበለጠ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

ልጅ አልወለድንም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው፤ በዚህ ደግሞ ከእኔ ይልቅ የሚጨነቀው ታናሽ ወንድሜ ነው። ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ውስጥ ፎቅ ላይ ይኖራል። በባጃጅ እሱ ዘንድ ለመድረስ የተቀዳ ሻይ እስኪበርድ ያህል እንኳ አይፈጅም፤ እሱ ግን የእኔን ቤት ጠረፍ ላይ ያለች ኬላ ያስመስላታል። ጉማሬው፣ ትንኙ፣ ብቸኝነቱ፣ ማን ይደርስልሻል፣ ማን ውሃ ያቀብልሻል። ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል አዘጋጅቶልኝ ነበር። አልጋው ለስላሳ ነው። መስኮቱ የሚያሳየው ግን የጎረቤት ፎቅ ግድግዳ ነው። «እስክታገግሚ ብቻ ነው» ይለኛል። ያችን ክፍል ፈራኋት። በእንግድነት ገብተው ከእንዲህ ያለ ክፍል ሳይወጡ የቀሩ ሴቶች አውቃለሁ፤ ለቀብራቸውም ሄጃለሁ።

ታላቅ እኅታችን ልታስታምመኝ ከቆጋ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። እታለም እንላታለን። እናታችን ቀድማ ስለሞተችብን ያሳደገችን እሷ ናት። ባሏ መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ በኋላም ማሳውን ለሌላ አልሰጠችም፤ በቆጋ ግድብ መስኖ ስንዴና ድንች ታለማለች። እታለም ዘንድ የዓለም ችግር ሁሉ ምክንያቱ አንድ ነው፦ አልበላም። የከሳው በሬ አልበላም። የጫጨው ድንች አልበላም። የሚጨቃጨቁት ባልና ሚስት አልበሉም። ማሳው ላይ ፍግ ያልበተነ ገበሬ ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

ለምን እንዲህ እንደሆነች አላጣሁትም። በሕፃንነቴ አንድ ክፉ ዓመት ነበር አሉ። እኔ አላስታውሰውም፤ እሷ ግን ታስታውሰዋለች። የደረሳትን እፍኝ ቆሎ በጥርሷ አድቅቃ ወደ እኔ አፍ ታሻግረው ነበር። እዚህ የደረስሁት በእሷ አፍ ነው። ስለዚህ እታለምን እምቢ ማለት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። በየገበታው «በሞቴ!» ትለኛለች፤ የመጀመሪያዋን ስጎርስላት ሁለተኛዋን ጠቅልላ ትጠብቀኛለች፤ አንድ ጉርሻ ያጣላልና። ቅቤው ሆዴ ከደረሰ በኋላ ጎኔን ይዤ እውላለሁ። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ይላል ያገሬ ሰው። ይህን ተረት የተረተው አጉራሹ እንጂ ጎራሹ አይመስለኝም።

በረንዳዬ ላይ አንዲት እንግዳ ተክል ተሰቅላ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የአበባ እርሻ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ለባለቤቴ የተወለት ናት። ከቅጠሏ ጫፍ ጅማት ይወጣል፤ ከጅማቱ ጫፍ ደግሞ ክዳን ያላት ትንሽ ገንቦ ትንጠለጠላለች። ገንቦዋ ውስጥ ውሃ አለ፤ አፏ ላይ ማር የመሰለ ነገር ይወዛል። ዝንብ ማሩን ልትልስ ትመጣለች፣ አፋፉ ያንሸራትታታል፣ ትገባለች፣ አትወጣም። ተክሏ አሟምታ ትበላታለች። ባለቤቴ «ገንቦዬ» ነበር የሚላት፤ እኔም ከእሱ በኋላ በዚያው ስም ጠራኋት።

ሰውየው ሲሄድ ደጋግሞ ያስጠነቀቀን አንድ ነገር ነበር፦ አታብሏት። ዘሯ የመጣው ምንም ከማይገኝበት መሬት ነው። አፈሩ ስላልመገባት ነው አየር ላይ አፍ ያበቀለችው። ሥሯ የሚጠጣበት እንጂ የሚበላበት አይደለም፤ ፍግ ያገኘው እንደሆነ ይቃጠላል። የቧንቧ ውሃ እንኳ ይከብዳታል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ለማቅለሚያው በሚገባ ውሃ ውስጥ ያለውን ጨው ስለካ የኖርሁ ሰው ነኝና ይህ አልጠፋኝም፤ ከጣሪያዬ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል አጠራቅሜ እሱን ብቻ አጠጣታለሁ። የተተከለችውም በከሰል ስባሪና በተፈረካከሰ የዛፍ ቅርፊት ላይ ነበር። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ከእኔ ጋር ሕይወት ያላት እሷ ብቻ ነበረች። እወዳት ነበር፤ ተክል ነው ብሎ የሚያፍር ይፈር።

እታለም መጀመሪያ ያየቻት ዕለት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዞረቻት።

«ሥጋ ነው የምትበላ?»

«ዝንብ ነው።»

«ዝንብስ ቢሆን ነፍስ የለው? በሁዳዴም ስትበላ ነው የከረመች?»

«አልቆረበች፣ እታለም። ምን ገዷት!»

ሳቀች። ከዚያ ጣቷን ወደ ማሰሮው ሰደደችና ከሰሉን ስትዳስሰው ሳቋ ቀጥ አለ። «አይ እቴ! አፈር እንኳ የላት እኮ! ከሰል ላይ አስቀምጠሽ ነው የምታስርቢያት? አንቺም አትበዪ፣ እሷንም አታብዪ! ምን ዓይነት ቤት ነው?»

ወንድሜ ለፋሲካ ሊጠይቀን መጥቶ ይህን ነገር ሲሰማ እንደ ዳኛ ተደላድሎ ተቀመጠ። «እታበባ» አለኝ፣ «ራሴን ብቻዬን እችላለሁ ትያለሽ። እንግዲያው ይችን ተክል እንዲህ በባዶ ሆዷ እስከ ሰኔ ሚካኤል ካቆየሻት፣ ስለ መምጣትሽ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም። ከደረቀች ግን ጓዝሽን ጠቅልለሽ እኔ ዘንድ ትመጫለሽ። ቃል?»

«ቃል!» አልሁት። ተናድጄ ነበር። ደግሞም ለዓመታት በዚያው ባዶ ሆዷ የኖረች ተክል በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ትከዳኛለች ብዬ አላሰብሁም።

እታለም እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አታውቅም። ባሕር ዳር በገባች በሳምንቷ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጋር ተዛመደች። ሰዎቹ ያጠመዱትን ዓሣ፣ ቆሮሶውንና አምባዛውን፣ እዚያው ዳር ላይ ይበልቱታል፤ ሥጋው ወደ ሆቴልና ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ጭንቅላቱ፣ አንጀቱና አጥንቱ ለነጫጮቹ ወፎች ይወረወራል። ይህ ለእታለም ኃጢአት ነበር። «ይኸን የመሰለ ሲሳይ ለወፍ!» እያለች በባልዲ አስሞልታ መጣች። ከዚያም ጠላ እንደምትጠነስስ ጠነሰሰችው። የዓሣውን ትርፍራፊ ከፉርሽቃና ከስኳር ጋር በአንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ዘፈዘፈችው፣ ውሃ ቸለሰችበት፣ አፉን በጨርቅ አሠረችው፣ በየማለዳው ደግሞ እየፈታች በዱላ ታማስለዋለች። ያን ሽታ በቃል መንገር ያስቸግራል። «ዓሣ ግማቱ ካናቱ» ይባላል፤ እኛ ቤት በርሜሉ ሙሉ አናት ነበር። አንዷ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ ምን ሞቶባችሁ ነው ብላ ጠየቀችን።

ሲደርስላት አጠለለችው፣ በብዙ ውሃ አቀጠነችውና ጓሮዬን አጠጣችው። መቼም እውነት ከመናገር ወደኋላ አልልም፤ ጎመኑ አበደ። ቅጠሉ ሰው ይጋርድ ጀመር። ቃሪያው አጎንብሶ እስኪሰበር አፈራ። ያች በአጥር ያስገገችው ጎረቤቴ አፍንጫዋን ይዛ መጥታ ጎመን ታቅፋ ሄደች፤ በማግስቱም ጭማቂውን ራሱን በጠርሙስ ልትለምን ተመለሰች። እታለም በሰፈሩ ስሟ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ሴቶች ባዶ ጠርሙስ ይዘው በሬን ሲያንኳኩ እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ትወጣለች፤ አንድ ጠርሙስ በባልዲ ውሃ ነው፣ በፀሐይ አታጠጡ፣ ከሥሩ ነው የሚበላ፣ እያለች ታስተምራለች። እኔ በበረንዳዬ ሆኜ እኮራባት ነበር።

ከዚያ ዓይኗ ወደ በረንዳው ዞረ።

«ለእሷ የለም» አልኋት፣ ሳትጠይቀኝ።

«ጥቂት።»

«ጥቂትም የለም።»

«ዓሣም እንደ ዝንብ ነፍስ የነበረው ነው። ምን ልዩነት አለው? በይ እስቲ ንገሪኝ፣ አንቺ የተማርሽ።»

ክርክሯ የሞኝ ክርክር አልነበረም። አንዳንድ ሰዎች በጣም የቀጠነ የዓሣ ማዳበሪያ ገንቦው ውስጥ ጠብ እንደሚያደርጉ ድሮ ያነበብሁ መስሎኝ ነበር። ላረጋግጥ ብዬ ስልኬን ባነሳ፣ በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት የለም። ስለዚህ ለቤቱ ሰላም ብዬ ተደራደርሁ። ጭማቂውን ራሴ፣ በላቦራቶሪ በለመደው እጄ፣ ከውሃ እስከማይለይ አቀጠንሁትና መርፌ በሌለው ስሪንጅ ከአንዲት ገንቦ ውስጥ አንጠባጠብሁላት። «ይኸው፣ በላች። ከሌሎቹ ገንቦዎች እንዳይገባ። ከሥሯ ደግሞ ፈጽሞ እንዳይደርስ» አልኋት። እታለም እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ተክሏ ወደደችው። ያች ገንቦ አንገቷ ድረስ ቀላች፤ ከመሀል አዲስ ቅጠል እንደተጠቀለለ ብቅ አለ። እታለም እልል አለች፣ የእውነት እልልታ። እኔም ደስ አለኝ። እንዲያውም እሷ ሳታየኝ ወደ ግሽ አባይ አቅጣጫ ዞሬ ለወንድሜ ፎቅ አፍንጫዬን ነፋሁበት።

ነገሩ የተበላሸው ለምርመራ ሆስፒታል የሄድሁ ዕለት ነው። ሐኪሙ ሰውነትሽ እየተስተካከለ ነው ብሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር የተመለስሁት። ከባጃጁ ወርጄ በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ፤ ከጓሮ በኩል ሳይሆን ከበረንዳ በኩል። ገንቦዎቹ ሁሉ እስከ አፋቸው ሞልተዋል። ማሰሮው ጠቁሮ ከሥሩ ቡናማ ነገር ጠብ ጠብ ይላል። እታለም እጇን እየታጠበች ነበር፤ ፊቷ ላይ ድግሷ የሰመረላት ሴት ደስታ ነበር እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም።

«እታለም፣ ምን አደረግሻት?»

«ሁለተኛዋን አጎረስኋት።»

«ምን አልሽ?»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ እኅቴ። አንዲቷን ጠብ አድርገሽላት ተውሻት። ያችን ቀምሳ አፏን ከፍታ ስትጠብቅ እያየሁ እንዴት አስችሎኝ ልለፍ? ከሥሯም አጠጣኋት። ዛሬስ ጠገበች።»

ጮኽሁ። የፋብሪካው ማሽን በሚያጓራበት አዳራሽ ውስጥ ኖሬ እንኳ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ገደልሻት አልኋት። ሆዴንም፣ ቤቴንም፣ ተክሌንም አላስተርፍ አልሽኝ አልኋት። በሕይወቴ እታለምን ቀና ብዬ የተናገርሁት ያን ዕለት ነው። እርጥብ እጇን በነጠላዋ ጫፍ አብሳ ወደ ጓዳ ገባች።

ገንቦዎቹን አንድ በአንድ ደፋሁ። ሥሯን ነቅዬ አጠብሁት። ግን ግንቦት ማለቂያ ነበር፤ የዝናብ በርሜሌ ውስጥ የቀረው ውሃ አንዲት ድስት የሚሞላ አልነበረም። ሰማዩ በየቀኑ ይጠቁርና ሳይዘንብ ይበተናል። በመጀመሪያ ገንቦዎቹ ጠቆሩ፤ ከደፋሁት የተረፈው ዝቃጭ ውስጣቸው ገማ። ቀጥሎ ቅጠሎቹ ከጫፋቸው ወደ መሀል እየከሰሉ መጡ። አዲሱ ቅጠል ሳይፈታ፣ እንደተጠቀለለ ደረቀ። እታለም ሰማያዊውን በርሜል ወስዳ ዳር ላይ ለወፎቹ ደፋችው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በረንዳው ላይ ከተክሏ ፊት ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን «ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርጄ ጠበል ላምጣላት?» አለችኝ። ፍል ውሃው ያለ የሌለ ጨው ያለበት ነው። «ስለ እግዚአብሔር፣ እታለም፣ ምንም ነገር አታምጪላት» አልኋት። ገበታ ለየብቻ ቀረብን። እንዲህ ዓይነት ብቸኝነት ባሌ የሞተ ጊዜም አላገኘኝም።

በሰኔ ሚካኤል ወንድሜ መጣ። ለጓዜ ብሎ የጓደኛውን ፒክአፕ ተውሶ ነበር። ወደ በረንዳው ወጥቶ የደረቀውን ግንድ በሁለት ጣቱ ያዘው፤ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ደስ እንዳላለው አይቻለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም።

«ይኸው እንግዲህ፣ እታበባ» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። «ቃል ቃል ነው።»

«አልሄድም።»

«ቃል ገብተሽልኝ የለም ወይ?»

«ገብቻለሁ። አፈርሳለሁ።»

በቤታችን ቃሉን የሚያፈርስ ሰው የለም፤ አባታችን በዚህ ነበር የሚታወቁት። እኔ ግን አላፈርሁም። ከተቀመጥሁበት እንኳ አልተነሳሁም።

«ተክሏ ሞተች እኮ!» አለ።

«ሞተች። ግን ተርባ አይደለም የሞተች። ተርባማ በእኔ እጅ ዓመታት ኖረች። የሞተች ጠግባ ነው። እኔንም ይዘኸኝ ብትሄድ እንደዚያው ነው የምሆን፤ በለስላሳ አልጋ፣ በቅቤ፣ በፍቅር። እሷ ያ ሁሉ አፍ ኖሯት በቃኝ የምትልበት አንድ አፍ አልነበራትም። እኔ ግን አለኝ። በቃኝ!»

ወንድሜ ወደ በሩ ዞረ። እታለም መድረኩ ላይ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። «እታለም፣ አንቺ ንገሪያት እንጂ! እንዲህ ከስታ፣ እንዲህ ብቻዋን ትተናት ልንሄድ ነው?» አላት።

እታለም የተሰበረውን ግንድ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ አንገቴን፣ ክንዴን፣ የጉንጬን አጥንት። ያ ከሲታነቴ እንዴት እንደሚያማት ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ።

«ተዋት» አለችው። «ያችኛዋን ከሳች ብዬ ገደልሁ። ይችኛዋን አልደግምም።»

ፒክአፑ ባዶውን ቆመ። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ስለነበር እታለም ያቀረበችልን ሽሮና ጎመን ነው። ጎመኑ ያ በዓሣ ያበደው ጎመን ነበር፤ የጾም ነው ወይስ የፍስክ ብዬ ላበሽቃት አሰብሁና ተውሁት። ሦስታችንም በአንድ ትሪ ቀረብን። ገና ቆርሰን ሳንጨርስ ቆርቆሮው ተንኳኳ፤ ዝናቡ መጣ። ከልማዴ የተነሳ ብድግ ብዬ በርሜሌን ከአሸንዳው ሥር አስጠጋሁ። የማጠጣው እንደሌለ ትዝ ያለኝ ስቀመጥ ነው። አለቀስሁ፤ ማንም ዝም በዪ አላለኝም።

እታለም እስክረጋጋ ጠበቀችኝ። ከዚያ ጠቅልላ አጎረሰችኝ፣ ልኬን፣ ትንሽ። አፌን ከፍቼ ተቀበልኋት፤ ከእሷ እጅ ምግብ የጣመኝ ከታመምሁ ወዲህ ያኔ ነው። እየዋጥሁ ሳለ ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው ሁለተኛዋን ጠቅልለው ተነሱ። አፌን ዘጋሁና ራሴን ነቀነቅሁ። እጇ ገበታው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወንድሜም መብላቱን አቆመ።

«አንዱ ያጣላል» አለች፣ ቀስ ብላ።

«እንጣላ፣ እታለም» አልኋት።

ጉርሻዋን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ እጇን ወደ ራሷ መለሰችና ጎረሰቻት። ለሌላ ሰው የጠቀለለችውን ራሷ ስትበላ በዕድሜዬ ያየኋት ያን ዕለት ነው።